የቅዳሜ ማታው ውድድር፦ የአካባቢ የመኪና ስፖርት በምን ይቆማል፣ በምን ይወድቃል?

የመኪና ውድድር ሲነሳ የአብዛኞቻችን ሐሳብ ወደ ፎርሙላ ዋን ይሄዳል። ስፖርቱን ትንሽ ቀረብ ብሎ የሚከታተል ሰው ደግሞ የኬንያውን ሳፋሪ ራሊ ያነሳል። ሁለቱም የስፖርቱ አናት ናቸው፤ ገንዘባቸው ብዙ፣ ስማቸው የገነነ ነው። ስፖርቱ የቆመበት መሠረት ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። ከከተማ ወጣ ባለ፣ ዙሩ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ በማይሞላ ሜዳ ላይ ነው። ቀን ጋራዥ ሲሠራ የዋለ መካኒክ ማታ የራሱን መኪና ይዞ ይገባል፤ ወንድሙ ጎማ ይቀይርለታል፤ ልጆቹ ከዳር ሆነው ያያሉ።

ለመሆኑ እንዲህ ያለ የአካባቢ ውድድር ጤነኛ ነው የሚባለው መቼ ነው? ብዙ ሰው የሚመልሰው በዓመቱ ትልቅ ቀን ስንት ተመልካች እንደመጣ ቆጥሮ ነው። ያ መለኪያ ያሳስታል። ትክክለኛው መለኪያ ሦስት ጥያቄ ነው፦ በተራው ቅዳሜ ስንት መኪና ለውድድር ይሰለፋል? መኪናውን ለማሰለፍ ባለቤቱ ምን ያህል ያወጣል? ሜዳው ያረፈበት መሬትስ የማን ነው? እነዚህን ይዘን መጀመሪያ የአጭር ትራክ ውድድር ወደተስፋፋበት ወደ አሜሪካ፣ ከዚያም ወደ አህጉራችንና ወደ ቤታችን እንምጣ።

አጭር ትራክ የሚባለው ምንድን ነው?

በአሜሪካ ዙሩ ከአንድ ማይል፣ ማለትም ከ1.6 ኪሎ ሜትር ያነሰ ሜዳ አጭር ትራክ ይባላል። አብዛኞቹ ከዚያም በጣም ያጥራሉ፤ ከ400 እስከ 800 ሜትር ግድም ናቸው። ቅርጻቸው ሞላላ ነው። ሁለት ቀጥ ያሉ መንገዶች አሏቸው፤ እነዚህን በሁለቱም ጫፍ ኩርባዎች ያገናኟቸዋል። መኪኖቹ የሚታጠፉት ወደ ግራ ብቻ ነው። ወለሉ አስፋልት ነው፤ አለዚያም ውኃ እየተረጨ የተደመደመ ሸክላ አፈር ነው። በብዙዎቹ ሜዳዎች ኩርባው ላይ የውጪው ጠርዝ ከውስጡ ከፍ ተደርጎ ይሠራል፤ በፍጥነት የሚታጠፈው መኪና ወደ ውጪ እንዳይንሸራተት ይደግፈዋል።

የሜዳው ማጠር ብዙ ነገር ይለውጣል። ተመልካቹ ከመቀመጫው ሳይነሳ ሙሉውን ውድድር ያያል። ረጅም ቀጥታ መንገድ ስለሌለ ጉልበተኛ ሞተር ያለው ብቻውን አያመልጥም፤ ፍሬን የሚያዝበትን፣ ነዳጅ የሚሰጥበትን ቅጽበት የሚያውቅ ሹፌር በደካማ መኪናም ይቀድማል። የሚያስፈልገው መሬትም ጥቂት ነው። 400 ሜትር ዙር ያለው ሜዳ ልክ እንደ አትሌቲክስ መሮጫ አንድ የእግር ኳስ ሜዳ ይከባል። ስለዚህ ትንሽ ከተማ የምትችለው የመኪና ውድድር ይህ ነው።

ከፈረስ ሜዳ የተወረሰ ስፖርት

የአሜሪካ ገጠሮች የእርሻ ኤግዚቢሽን የሚያካሂዱባቸው ሜዳዎች ነበሯቸው። በእነዚያ ሜዳዎች ላይ ግማሽ ማይል ወይም አንድ ማይል ዙር ያለው የፈረስ መሮጫ ይገኝ ነበር። መኪና ሲመጣ መሮጫው፣ አጥሩና መቀመጫው ተዘጋጅቶ ጠበቀው። በቴኔሲ ግዛት ናሽቪል ከተማ በሚገኘው የኤግዚቢሽን ሜዳ መኪና መወዳደር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1904 ነው። በአዮዋ ግዛት የምትገኘው ኖክስቪል የምትባል ትንሽ ከተማም በየዓመቱ ነሐሴ ላይ የምታስተናግደው ትልቅ የአፈር ሜዳ ውድድር እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ የሚካሄደው በእንዲህ ያለው የአውራጃ ኤግዚቢሽን ግቢ ውስጥ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስፖርቱ ፈላ። ወጣቶች ከጦር ሜዳ ተመልሰዋል፤ ብዙዎቹ ሞተር ማውረድና መግጠም ሠራዊት ውስጥ ተምረዋል፤ አሮጌ መኪናም በርካሽ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1948 ቢል ፍራንስ የተባለ ሰው እነዚህን የተበታተኑ ውድድሮች በአንድ ደንብ የሚያስተዳድር ናስካር የተባለ ድርጅት አቋቋመ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በቨርጂኒያ ማርቲንስቪል ከተማ ክሌይ ኧርልስ የተባለ ሰው 850 ሜትር ገደማ ዙር ያለው ሜዳ ከፍቶ ነበር። ማርቲንስቪል ዛሬም ትልልቆቹን ውድድሮች ታስተናግዳለች። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ አሸናፊው የሚሸለመው ዋንጫ ሳይሆን ከሰው ቁመት የሚበልጥ ቋሚ ሰዓት ነው። ሰዓት መሥራት የአካባቢው ሙያ ስለነበር ከተማዋ በእጇ ያለውን ሸለመች።

ከማርቲንስቪል ብዙም ከማትርቀው ከዳንቪል ከተማ የወጣው ዌንደል ስኮት ደግሞ የእነዚህን ሜዳዎች ዋጋም ነውርም በአንድ ሕይወት ያሳያል። ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ታክሲ ነድቷል፤ በጦርነቱ ጊዜ የሠራዊት መካኒክ ነበር፤ ከዚያም የራሱን ጋራዥ ይዞ ይሠራ ነበር። ውድድር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 በከተማው የኤግዚቢሽን ሜዳ ላይ ነው። ዘር መለያየት ሕግ በነበረበት ዘመን መኪናውን ራሱ እየጠገነ፣ ልጆቹን ረዳት አድርጎ ወደ ከፍተኛው ደረጃ ወጣ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን 1963 በፍሎሪዳ ጃክሰንቪል፣ ግማሽ ማይል በሆነ የአፈር ትራክ ላይ አሸነፈ። በዕለቱ ግን ድሉ ለሌላ ሹፌር ታወጀ። ዳኞቹ ያሸነፈው እሱ መሆኑን ያመኑት ተመልካቹ ከተበተነ በኋላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 በናስካር የዝና አዳራሽ ስሙ ሰፈረ፤ የዚያን ቀን ዋንጫ ቤተሰቡ የተረከበው በ2021 ነው። ትንሿ ሜዳ ያለ ስፖንሰርና ያለ ዘመድ የመጣን ታክሲ ነጂ መግቢያ ሰጠችው፤ ክብሩን የነፈጉት ሰዎች ናቸው።

አንድ ቅዳሜ እንዴት ያልፋል?

ከሰዓት በኋላ መኪኖች በተጎታች ተጭነው በኋላ በር ይገባሉ። በመጀመሪያ ፍተሻ አለ። መኪናው በአራት ሚዛኖች ላይ ይቆማል፤ እያንዳንዱ ጎማ የተሸከመው ክብደት ለብቻው ይነበባል። ሁልጊዜ ወደ ግራ የሚታጠፍ መኪና ክብደቱ ወደ ግራ ሲያደላ ይፈጥናል፤ ስለዚህ ደንቡ በግራ በኩል ሊኖር የሚችለውን ክብደት በመቶኛ ይወስናል። ከዚያ ዳኛው ትንሽ መርፌ ያላት መለኪያ ይዞ የጎማውን መሬት የሚነካ ገጽ ይወጋል። መለኪያዋ የላስቲኩን ጥንካሬ ትናገራለች። ጎማ ለስለስ ባለ ቁጥር አስፋልቱን ይነክሳል፤ በዚህ ምክንያት ጎማቸውን በኬሚካል የሚያለሰልሱ አጭበርባሪዎች አሉ። የተጠረጠረ ጎማ ተቆርጦ ለላቦራቶሪ ይላካል። የደህንነት ቀበቶው ዕድሜ፣ የራስ ቁሩ፣ እሳት የማይበላው ልብስና ሹፌሩን እንደ ጎጆ የሚከበው የብረት ቱቦ ሁሉ ይታያሉ።

ቀጥሎ ማሟሟቂያ ዙር ይመጣል፤ ከዚያ የሰዓት ማጣሪያ፣ ከዚያ አጫጭር የማጣሪያ ውድድሮች ይካሄዳሉ። ማምሻውን ዋናው ውድድር ይጀመራል። በአንድ ምሽት አራት አምስት ምድብ ይወዳደራል። ላይኛው ምድብ ለውድድር ብቻ የተሠሩ መኪኖች ያሉበት ነው። ታችኛው ምድብ ውስጥ የሚገቡት ከመንገድ የመጡ፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ ያረጁ የቤት መኪኖች ናቸው። መስታወታቸው ተነቅሏል፤ ከሹፌሩ ወንበር በቀር መቀመጫቸው ወጥቷል፤ የብረት ቱቦ ተበይዶላቸዋል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ሜዳ ሁለት በር አለው። በፊት በር ተመልካቹ ትኬት ቆርጦ ይገባል፤ የሚበላና የሚጠጣም ይገዛል። በኋላ በር ደግሞ ሹፌሩ፣ ረዳቶቹና ቤተሰቡ ከተመልካቹ በላይ ከፍለው ይገባሉ። በብዙ ሜዳዎች የአሸናፊዎች ሽልማት የሚሸፈነው በዚህ በኋላ በር ገቢ ነው። ነገሩ ዕቁብ ይመስላል፤ ጣዩ ሲበዛ ደራሹ ይደርሰዋል፣ ጣዩ ሲቀንስ ዕቁቡ ይፈርሳል። ሠላሳ መኪና ይሰለፍበት የነበረ ምድብ ወደ ስምንት ሲወርድ መጀመሪያ የሚጎዳው የተመልካቹ ደስታ አይደለም፤ የሜዳው ካዝና ነው። ካዝናው ሲሳሳ ሽልማቱ ይቀንሳል፤ ሽልማቱ ሲቀንስ ሌላ ሁለት ሹፌር ይቀራል። በትልቁ ቀን ሜዳው ጢም ብሎ ስለሞላ ይህ ሕመም አይታይም።

የመጀመሪያው ሕመም፦ ወጪ

መኪናን ከሜዳ የሚያስቀረው አደጋ አይደለም፤ ሒሳብ ነው። አንድ የውድድር ጎማ ከመቶ ዶላር በላይ ያወጣል። ጥሩ አቅም ያለው ሹፌር ለእያንዳንዱ ውድድር አራት አዲስ ጎማ ሲገጥም፣ ያለፈው ሳምንት ጎማ ላይ የሚነዳው ጎረቤቱ ገና ሳይጀመር ተሸንፏል። ሞተሩ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ለላይኛው ምድብ በባለሙያ የሚገነባ ሞተር በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃል። በዚህ ላይ አሞርዛተሩ፣ ተጎታቹና ነዳጁ አሉ። አንድ ሀብታም ዋጋውን ከፍ ሲያደርግ ሌሎቹ ሊከተሉት ይሞክራሉ፤ የማይችሉት መኪናቸውን ሸጠው ቤታቸው ይቀመጣሉ።

ለዚህ በሽታ ሜዳዎቹ በጊዜ ብዛት ሦስት መድኃኒት አግኝተዋል። አንደኛው የታሸገ ሞተር ነው። ጄኔራል ሞተርስ 602 እና 604 የሚባሉ ሁለት ሞተሮችን ለዚሁ ብሎ ፋብሪካ ውስጥ ገጥሞ ይሸጣል። የመጀመሪያው 350፣ ሁለተኛው 400 የፈረስ ጉልበት አካባቢ አላቸው። ዋና ዋና ብሎኖቹ በማኅተም የታሸጉ ናቸው። ቴስታታውን አንስቶ ውስጡን የነካካ ሰው ማኅተሙ ያጋልጠዋል። ሁሉም አንድ ዓይነት ሞተር ሲይዝ ብልጫው ወደ ሹፌሩ እጅ ይመለሳል።

ሁለተኛው የጎማ ደንብ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ጠንከር ያለ ጎማ ይጠቀማል፤ በአንድ ምሽት የሚገጠመው አዲስ ጎማም ይወሰናል። ዳኛው ጎማው ላይ ምልክት ያደርጋል።

ሦስተኛው ብልህነቱ የሚደንቅ ነው። በአንዳንድ ምድቦች ደንቡ አስቀድሞ በወሰነው ዋጋ የአሸናፊውን ሞተር ተሸናፊው መግዛት ይችላል። አሸናፊው እምቢ ካለ ድሉንም ሽልማቱንም ያጣል። ሞተርህ በሁለት ሺህ ዶላር ሊነጠቅ እንደሚችል እያወቅህ ሃያ ሺህ ዶላር አታፈስበትም። ፖሊስ ሳያስፈልግ ወጪው በራሱ ይገታል።

እነዚህ ደንቦች የሚሠሩት ግን ዳኛው ሲከበር ብቻ ነው። ለወዳጅ ዓይን የሚጨፍን ፍተሻ ካለ ማኅተምም ሚዛንም ዋጋ የላቸውም። በሜዳዎች ላይ ሹፌሮች ከሚያኮርፉባቸው ነገሮች የመጀመሪያው ይህ ነው።

ሁለተኛው ሕመም፦ መሬት

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በአሌክሳንድሪያና በፌርፋክስ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን የማናሰስ ከተማን ያውቋታል። እዚያ ኦልድ ዶሚኒዮን የሚባል ትራክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 ሲከፈት ዙሪያው እርሻ ነበር። ዋሽንግተን እየሰፋች ስትመጣ እርሻው መኖሪያ ቤት ሆነ። አዲስ ገቢዎቹ ሜዳው እዚያ እንዳለ እያወቁ ገቡ፤ የቅዳሜ ማታው ጩኸት ግን አስመረራቸው። የመሬቱም ዋጋ ከትኬቱ ገቢ ጋር የማይወዳደር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2012 ሜዳው ተዘጋ፤ ቦታው ለቤት ግንባታ ዋለ።

የኦልድ ዶሚኒዮን ታሪክ በመዘጋት አላበቃም። ባለቤቶቹ ወደ ደቡብ ወርደው፣ ከዋሽንግተን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በቶርንበርግ ሌላ መሬት ፈለጉ። ከአካባቢው ምክር ቤት ፈቃድ ለማግኘት ረጅም ክርክር አለፉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ዶሚኒዮን ሬስዌይ ተከፈተ፤ 640 ሜትር ያህል ዙር ያለው ሞላላ ሜዳን ጨምሮ ሦስት ዓይነት ትራክ አለው። ትራኩ ያለው ከትልቁ ከአይ 95 አውራ ጎዳና አጠገብ ነው፤ መኪና ቀን ከሌት ከሚጮህበት መንገድ ዳር የውድድር ጩኸት ብዙ አይከብድም። ቦታ አመራረጥ ግማሽ ሥራ ነው።

ሁሉም እንዲህ አይታደልም። በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ የነበረው ኧርዊንዴል በ1999 ተከፍቶ በታኅሣሥ 2024 የመጨረሻውን ውድድር አካሄደ። የፊኒክሱ ማንዛኒታ ከ1951 እስከ 2009 ቆይቶ ተሸጠ። በሁለቱም ቦታ ሹፌርም ተመልካችም አልጠፋም ነበር፤ መሬቱ ለሌላ ሥራ የበለጠ ያወጣ ነበር እንጂ።

በተቃራኒው የሰሜን ካሮላይናውን ቦውማን ግሬይ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ፣ በኢኮኖሚ ድቀቱ ዘመን፣ ለሥራ አጦች ሥራ ለመፍጠር በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ስታዲየም ነው። የአሜሪካ እግር ኳስ ሜዳውን 400 ሜትር የሆነ አስፋልት ይከበዋል። የናስካር ውድድር ከ1949 ጀምሮ ይካሄድበታል፤ በበጋው ቅዳሜ ማታ ከአስር ሺህ በላይ ሰው የሚገባበት ጊዜ ብዙ ነው። ባለቤቱ የዊንስተን ሳሌም ከተማ ነው። መሬቱ የሕዝብ ስለሆነ ነጋዴ በአንድ ቀን ፊርማ አይዘጋውም፤ በሌላው ወቅት ዩኒቨርሲቲ ኳስ ስለሚጫወትበትም ሥራ አይፈታም። ረጅም ዕድሜ ያላቸው ሜዳዎች ብዙ ጊዜ እንዲህ ከአንድ በላይ አገልግሎት ያላቸው ናቸው።

የሞተ ሜዳ የተነሳበትም ጊዜ አለ። ኖርዝ ዊልክስቦሮ፣ እሱም በሰሜን ካሮላይና ያለ፣ ዋናውን ውድድር በ1996 አጥቶ መቀመጫው ሣር በቅሎበት ኖረ። ዴል ኧርንሃርት ጁኒየርን የመሰሉ ስመ ጥር ሹፌሮች ለዓመታት ተሟገቱለት። ግዛቱ ከኮሮና ማገገሚያ ገንዘብ 18 ሚሊዮን ዶላር መደበለት። በ2022 የአካባቢ ውድድር ተመለሰ፤ በግንቦት 2023 ደግሞ የናስካር ኮከቦች ተወዳደሩበት። ልብ ይበሉ፤ መጀመሪያ የተመለሰው የአካባቢው ውድድር ነው፤ ትልቁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሦስተኛው ሕመም፦ ተተኪ ማጣት

ሹፌር ያረጃል። ልጅ የማይገባበት ሜዳ በሃያ ዓመት ውስጥ ባዶ ይሆናል። ለዚህም ታችኛው ምድብ ከላይኛው ይልቅ ለሜዳው ሕይወት ይጠቅማል። በ1992 ሻርሎት ከተማ ሌጀንድስ የምትባል መኪና ወጣች፤ የ1930ዎቹን መኪኖች ቅርጽ ይዛ ያነሰች፣ የያማሃ ሞተር ሳይክል ሞተር የተገጠመላት ነች። ከእሷ ያነሰችው ባንዶሌሮ ለስምንት ዓመት ልጆች ትሆናለች። የፎርሙላ ዋኑ ሹፌር ሉዊስ ሃሚልተንም ካርት የምትባለውን ትንሽ የውድድር መኪና መንዳት የጀመረው በስምንት ዓመቱ ነው። ርካሹን ምድብ “አያዋጣም” ብሎ የሚሰርዝ የሜዳ ባለቤት ያለው ሹፌር ሁሉ እስኪያረጅ ድረስ ብቻ ነው የሚኖረው።

አህጉራችን የት ላይ ነው?

በአፍሪካ ስለ መኪና ውድድር የሚወራው በአመዛኙ ስለ አናቱ ነው። በአህጉሩ የመጨረሻው የፎርሙላ ዋን ውድድር በደቡብ አፍሪካ ኪያላሚ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። በታኅሣሥ 2024 ደግሞ የሩዋንዳ ፕሬዚዳንት ፖል ካጋሜ አገራቸው ፎርሙላ ዋንን ለማስተናገድ እንደምትፈልግ አሳውቀዋል። ምኞቱ አይነቀፍም። ሹፌርና መካኒክ የሚያወጣው ግን ትንሹ ሜዳ ነው።

ኬንያ ለዚህ ምስክር ናት። ሳፋሪ ራሊ የተጀመረው በ1953 ነው፤ ከ2002ቱ ውድድር በኋላ ከዓለም ሻምፒዮና ወጥቶ እስከ 2021 ድረስ አልተመለሰም። በእነዚያ ሁለት አስርት ዓመታት አገሪቱን በስፖርቱ ውስጥ ያቆዩዋት ብሔራዊው ራሊና ኦቶክሮስ ናቸው። ኦቶክሮስ ማለት በአጭር የአፈር ትራክ ላይ ከሰዓት ጋር የሚደረግ ውድድር ነው። ከሕፃናት ትንንሽ መኪኖች ጀምሮ እስከ ባለ አራት ጎማ ጎታች መኪና ድረስ ምድብ አለው፤ አባትና ልጅ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሜዳ ይወዳደራሉ። ሳፋሪ ሲመለስ አስተናጋጅ፣ ዳኛና ሹፌር አላጣም፤ ትንሹ ሜዳ አልሞተምና።

ደቡብ አፍሪካ ሌላ ትምህርት አላት። ከ1980ዎቹ ጀምሮ በሶዌቶ ወጣቶች መኪናን በአንድ ቦታ እያሽከረከሩ ጎማ ማጨስ ጀመሩ፤ አሮጌው ቢኤምደብሊው የዚህ ጥበብ ንጉሥ ሆነ። በመንገድ ላይ የሚደረግ፣ ከወንጀል ጋር የሚነሳ ነገር ነበር። ሜዳና አጥር፣ ደንብና ዳኛ ተበጀለት፤ በ2014 የአገሪቱ የሞተር ስፖርት አካል እንደ ስፖርት ተቀበለው። መንገድ ላይ የሚያሽከረክረውን ወጣት በቅጣት ብቻ ማስቆም አይቻልም፤ የሚሄድበት ሜዳ ሲያገኝ ነው መንገዱን የሚለቀው።

ሶባ፣ ካርቱምና አዲስ አበባ

ወደ ቅርብ ጎረቤታችን ወደ ሱዳን ስንመጣ፣ ከካርቱም በስተደቡብ፣ ጣና ላይ ተነስቶ የሚወርደው ዓባይ በሚያልፍበት፣ ሶባ አለች። በጥንት ዘመን የክርስቲያኑ የአልዋ መንግሥት ዋና ከተማ ነበረች፤ በኋላ የካርቱም ዳርቻ ሆነች። መሬቱ ዝርግ ነው፤ ለሞላላ ሜዳ መደልደል ብዙ አይጠይቅም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 15 ቀን 2023 ጀምሮ የሱዳን ጦርነት አካባቢውን አደቀቀው። የሱዳን ታላላቅ የእግር ኳስ ክለቦች ሂላልና መሪክ እንኳ በ2024/25 የውድድር ዘመን የተጫወቱት በሞሪታኒያ ሊግ ነው። ካርቱም ይኖሩ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ በመተማ በኩል ወደ አገር ተመልሰዋል። ኳስ ተሰዶም ይጫወታል። መኪና፣ ነዳጅ፣ አምቡላንስና የተረጋጋ ቅዳሜ የሚሻ ስፖርት ግን ሰላም በሌለበት ሥር አይሰድም። ከሦስቱ ጥያቄዎች በፊት የሚመጣው ይኸው ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ በየሳምንቱ የሚከፈት ሞላላ የመኪና ሜዳ የለንም። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ውድድሮች ተካሂደዋል፤ ፍቅሩም ሙያውም አለ። አሮጌ ቮልስና ላዳ በእጁ እየጠገነ ለአርባ ዓመት ያቆየ መካኒክ ያለበት አገር ነው። ጎሚስታው፣ በያጁ፣ ቆርቆሮ የሚያቀናው ሁሉ አንድ መንደር ውስጥ ይገኛል። የቸገረን ወጪውና መሬቱ ነው።

መኪና ውድ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖችን ለማስገባት እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌላ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተወሰነ። በሌላው ዓለም ታችኛውን ምድብ የሚሞላው ርካሽ አሮጌ መኪና እዚህ ርካሽ አይደለም። መሬቱ ደግሞ በሊዝ ዘመን ለሜዳ የሚተርፍ አይመስልም።

ሆኖም የኤሌክትሪክ ውሳኔው ያላሰብነው በር ይከፍታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ነች። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከአምስት እጅ ጉልበቱ አንድ እጅ ያህል ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ከፍታው ጉልበቱን አይቀንስበትም። ማርሚታም ስለሌለው የጎረቤትን እንቅልፍ አይነሳም፤ የማናሰስን ሜዳ ያዘጋው የጩኸት ክርክር እዚህ ላይ አይነሳም። ትንንሽ የኤሌክትሪክ ካርቶች፣ አንድ ዓይነት ባትሪና አንድ ዓይነት ሞተር፣ ከአትሌቲክስ መሮጫ በማይበልጥ ሜዳ ላይ ለልጆች ጥሩ መነሻ ናቸው። ባትሪው ውድ መሆኑ እውነት ነው። ሹፌሩ ከመግዛት ይልቅ ማኅበሩ ገዝቶ በየውድድሩ ቢያከራይ ግን ወጪው ይከፋፈላል።

ለቤንዚኑ ምድብ ደግሞ አንድ ሞዴል መምረጥ ይበቃል። መለዋወጫው በየሱቁ የሚገኘው ቪትስ አለ። መንገድ ላይ ተጋጭቶ ቦሎ ማውጣት ያልቻለ መኪና የብረት ቱቦ ተበይዶለት፣ ሞተሩ ታሽጎ፣ ጎማው ተወስኖ ሊወዳደር ይችላል። ሜዳውን ከከተማ አስተዳደር፣ ከዩኒቨርሲቲ ወይም ከሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅ ጋር በጋራ መያዝ የመሬቱን ጥያቄ ያቀልላል፤ በሌላው ቀን የመንጃ ፈቃድ ተማሪዎች ይለማመዱበታል፤ አምቡላንስና እሳት አደጋም ሥልጠና ያደርጉበታል።

አንድ ነገር ግን ለድርድር አይቀርብም፤ እሱም ደኅንነት ነው። በ1955 በፈረንሳይ ሌ ማን ከሰማንያ በላይ ሰው ያለቀው መኪና ወደ ተመልካች በመግባቱ ነው፤ ስዊዘርላንድ በዚያ ምክንያት የትራክ ውድድርን ለአስርት ዓመታት ከለከለች። ጠንካራ ግንብና የሽቦ አጥር፣ ተጠንቀቅ የቆመ አምቡላንስ፣ እሳት ማጥፊያ የያዘ ሰውና ኢንሹራንስ ሳይሟላ ባንዲራ አይውለበለብም። ተመልካች በገመድ ብቻ ተከልሎ በመንገድ ዳር የሚቆምበት ውድድር የስፖርቱ ጅማሬ ሳይሆን ፍጻሜው ነው።

እንግዲህ ለአንባቢ የምንለው ይህ ነው። በቨርጂኒያ የምትኖሩ፣ አንድ ቅዳሜ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ቶርንበርግ ውረዱ፤ ከፊት ወንበር ብቻ አትዩ፣ ወደ ኋላ በር ሄዳችሁ ፍተሻውን፣ ሚዛኑንና የምድቡን ደንብ ጠይቁ። ያንን ደንብ ወደ አማርኛ መልሶ አገር ቤት ላለ የሞተር ስፖርት ማኅበር መላክ ከዋንጫ ስፖንሰርነት ይበልጣል። በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳርና በሐዋሳ ያላችሁ አዘጋጆች፣ በዓመት አንድ ጊዜ ከሚደረግ ትልቅ ዝግጅት በፊት በወር አንድ ጊዜ የሚደረግ ትንሽ ውድድር ጀምሩ፤ አንድ ምድብ፣ አንድ ዓይነት መኪና፣ የማይበገር ዳኛ ይኑራችሁ። በሚቀጥለው ወር ተመልሶ የሚሰለፈውን መኪና ቁጠሩ። ቁጥሩ ካልቀነሰ ስፖርቱ በሕይወት አለ።